የሚመለስ ሮኬት

እንደምን አላችሁ? ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርዕሴ ትልቅ ሞዴል ሮኬት ከተዘጋጀ ኪት ገጣጥሞ መሥራት ነው። ትልቅ ስል ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ግድም፣ የቱቦው ዲያሜትር 10 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ሞተሩን ጨምሮ 1 ኪሎ ተኩል የሚሆነውን ማለቴ ነው። ከዚህ እጅግ የሚበልጡም አሉ፤ በኋላ አንዱን አነሳላችኋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ግምታዊ ስሌት ላስቀምጥ። ይህን ሮኬት በ200 ኒውተን-ሰከንድ ሞተር (ኒውተን-ሰከንድ የሞተሩ ጠቅላላ ጉልበት መለኪያ ነው) ብናስወነጭፈው ሞተሩ የሚነደው ለ2 ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ በያዘው ፍጥነት ሌላ 7 ሰከንድ ገደማ ይወጣና 400 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። በፓራሹት፣ በሰከንድ 5 ሜትር እየወረደ መሬት ለመድረስ ደግሞ 80 ሰከንድ ይፈጅበታል። ተመልካች ሁሉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያዎቹ 2 ሰከንዶች ነው፤ ስለ ጭሱ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ እሳቱ። ሠሪው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሐሳቡ ሊይዝ የሚገባው እነዚያን 80 ሰከንዶች ነው ብዬ አምናለሁ። ማውጣቱን ፋብሪካ የሠራው ሞተር ይወጣዋል። መመለሱ የእኛ ሥራ ነው። ስለዚህ አሠራሩን የምነግራችሁ ከመውረዱ ተነሥቼ ነው፤ የኪቱ መመሪያ የሚጀምረው ከሌላኛው ጫፍ ቢሆንም።

ፓራሹቱ ባይከፈት ምን ይሆናል? ያው ሮኬት አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ከ400 ሜትር ቢወርድ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር ያልፋል። በፓራሹት ሲያርፍ ከሚኖረው የመምታት ጉልበት ከ120 እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። 60 ግራም የምትመዝን ትንሽ የወረቀት ሮኬት ብትወድቅ ሣር ላይ ትጨማደዳለች፣ ሌላ ትሠራላችሁ። የኪሎ ተኩሉ ግን የመኪና ጣሪያ ይበሳል፤ ሰው ላይ ቢያርፍ ይገድላል። የአንድን ዕቃ ልክ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ስናደርገው ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የሚጣበቅበት የገጽ ስፋት ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ትንሹን የሠራ ሰው ትልቁንም በዚያው ልማድ ልሥራው ሲል የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ደግሞም ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲወለድ ጀምሮ ጭንቀቱ ደኅንነት ነበር። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወጣቶች በገዛ እጃቸው የቀመሙትን ነዳጅ የብረት ቱቦ ውስጥ እየሞሉ ሮኬት ለመሥራት ይሞክሩ ነበር፤ በዚህም የተጎዱና የሞቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኔብራስካ ውስጥ፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወንድሙ ከሮበርት ጋር ሌላ ዓይነት ሮኬት ሠራ። አካሉ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ ሞተሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገባና የሚቀየር፣ ሮኬቱም በፓራሹት የሚመለስ ነበር። በ1957 ጂ. ሃሪ ስታይን የተባለ፣ በኋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ የደኅንነት ሥራ የሠራ ሰው የወጣቶቹን አደጋ አንሥቶ በመጽሔት ጻፈ። ካርላይል ጽሑፉን አይቶ ሮኬቶቹን ላከለት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። ጥቂት ቆይቶ ቨርን ኤስቴስ ሞተሮቹን በብዛት የሚያመርት ማሽን ሠራ። ዛሬ የትኛውንም ኪት ብትከፍቱ የካርላይልን ሁለት ሐሳቦች ታገኛላችሁ፦ ሞተር በቤት አይቀመምም፤ ሮኬት ይመለሳል። አደራ የምላችሁ የመጀመሪያውን በፍጹም እንዳትጥሱት ነው። የሁለተኛው ዝርዝር ደግሞ እነሆ።

ፓራሹቱ እንዴት ይወጣል? የተለመደው ሞተር ነዳጁ ሲያልቅ ቀስ ብሎ የሚነድ የመዘግየት ክፍል አለው። እሱም ሲያልቅ ትንሽ ባሩድ ወደ ፊት ይፈነዳና የቱቦውን ውስጥ በጋዝ ይሞላዋል፤ አፍንጫው ይለቃል፣ ፓራሹቱ ይወጣል። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሊበላሽ የሚችልበት መንገድ ግን ብዙ ነው። አፍንጫው በጣም ጠብቆ ከገባ ጋዙ አይገፋውም። በጣም ከላላ ደግሞ ሞተሩ ነድዶ እንዳለቀ፣ አየር ሮኬቱን ሲያዘገየው የአፍንጫው የራሱ ክብደት ወደ ፊት ይስበውና ገና በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ ይከፈታል። ልኩን የማገኘው እንዲህ ነው፤ ሮኬቱን በአፍንጫው ብይዘው አካሉ አይወርድም፣ ትንሽ ብነቀንቀው ግን መንሸራተት ይጀምራል። ከላላ በትከሻው፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ በሚገባው የአፍንጫው ክፍል፣ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር እጠቀልላለሁ፤ ከጠበቀ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ። ይህን ደግሞ ቀለም ከተቀባ በኋላ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ቀለም ውፍረት አለው። ቱቦው ላይ 3 ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ መብሳትም አትርሱ። ሮኬቱ ሲወጣ የውጪው አየር ይሳሳል፤ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ካላገኘ አፍንጫውን ያለጊዜው ሊገፋው ይችላል።

ጊዜውም እንደዚያው ነው። ፓራሹቱ የሚከፈትበት ምርጥ ቅጽበት ሮኬቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ሊቆም የቀረበበት ነው። ከዚያ 2 ሰከንድ ቢዘገይ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ እየወደቀ ያገኘዋል፤ 2 ሰከንድ ቢቀድምም እንዲሁ እየወጣ ያገኘዋል። በዚያ ፍጥነት ፓራሹቱ ሲነፋ ገመዱ በድንገት ይወጠርና የቱቦውን ጠርዝ ወደ ታች ይሰነጥቀዋል፤ ልክ እንደተከፈተ ዚፕ ይሆናል። ሠሪዎችም ስሙን እንዲሁ ዚፕ ይሉታል። መከላከያው ሁለት ነው፦ ትክክለኛ የመዘግየት ጊዜ እና ረጅም ገመድ። አፍንጫውንና አካሉን የሚያያይዘው ገመድ የሮኬቱን ቁመት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ቢያጥፍ ክፍሎቹ ገመዱ ከመወጠሩ በፊት በአየር ውስጥ ፍጥነታቸውን ይጨርሳሉ። አንዳንድ ኪት ውስጥ የሚመጣው ገመድ ከዚህ በጣም ያጥራል። ሌላው ክፍል ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ እዚህ ላይ የሚቆጥቡበት ምክንያት አይገባኝም፤ እናንተ ግን አትቆጥቡ፣ ኬቭላር በሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ወይም በሰፊ የናይለን ጠፍር ቀይሩት። ለሞተሩ የቀረበው ክፍል ኬቭላር ቢሆን ይመረጣል፣ ትኩስ ጋዝን ይችላልና።

የፓራሹቱን ስፋት በስሌት ማግኘት ይቻላል። ለ1 ኪሎ ተኩል ሮኬት፣ በሰከንድ 5 ሜትር እንዲወርድ፣ ጠፍጣፋ ክብ ፓራሹት ዲያሜትሩ 1.3 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ይህ ግን ለባሕር ወለል ነው። ሜዳው 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ አየሩ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ስለሚሳሳ ያው ፓራሹት 12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ያወርደዋል፤ ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ ጨርቁን በሩብ ያህል ማስፋት ያስፈልጋል። የኪት መመሪያዎች ይህን ብዙ ጊዜ አይጠቅሱትም።

እንግዲያው ለምን በጣም ሰፊ ፓራሹት አንሰጠውም? ነፋስ አለና። በሰከንድ 4 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ 80 ሰከንድ የተንሳፈፈ ሮኬት ከ300 ሜትር በላይ ተወስዶ ያርፋል። ከፍ ብለው ለሚወጡት መፍትሔው ሁለት ጊዜ መክፈት ነው። ጫፍ ላይ ትንሽ ፓራሹት ይወጣና ሮኬቱ በሰከንድ 20 ሜትር እየወረደ ይመጣል፤ 150 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ዋናው ይከፈታል። ከ400 ሜትር ከሆነ መውረዱ ከ80 ሰከንድ ወደ 42 አካባቢ ይቀንሳል። ይህን የሚያዝዘው የአየር ግፊትን እየለካ ከፍታን የሚያሰላ ትንሽ አልቲሜትር ነው። ለመጀመሪያ ትልቅ ሮኬት አልመክረውም፤ አንድ ፓራሹት፣ አንድ ገመድ፣ ዝቅ ያለ በረራ ይሻላል።

ጨርቁ እንዳይቃጠልም መጠበቅ አለበት። በፓራሹቱና በሞተሩ መካከል እሳት የማይበላው ወረቀት ወይም የኖሜክስ ጨርቅ ይገባል። ፓራሹቱ ሲታጠፍ ገመዶቹ እንዳይጠላለፉ፣ ጥቅሉም በራሱ ክብደት ከቱቦው ተንሸራትቶ የሚወጣ እንዲሆን። እየገፋችሁ ከሆነ የምታስገቡት፣ ጋዙም እየገፋ ነው የሚያወጣው፤ አውጡትና እንደገና እጠፉት።

አሁን ወደ ጭራው እንሂድ። የትልቅ ኪት ጭራ የሚሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መሃል ላይ የሞተር ቱቦ አለ፤ ለእንዲህ ያለ ሮኬት ብዙውን ጊዜ 29 ወይም 38 ሚሊሜትር ነው። እሱን መሃል ላይ የሚይዙት የፕላይውድ ቀለበቶች ናቸው። ክንፎቹ በትልቁ ቱቦ ላይ በተቆረጡ ስንጥቆች ገብተው የሞተሩን ቱቦ ይነካሉ። ስለዚህ አንድ ክንፍ የሚጣበቀው በሦስት ቦታ ነው፦ በሞተር ቱቦው ላይ፣ በትልቁ ቱቦ ውስጥ፣ በትልቁ ቱቦ ውጪ። ትንንሾቹ ሮኬቶች ክንፋቸው ከላይ ብቻ ተጣብቆ ይበርራሉ፤ ለትልቅ ግን ይህ አይበቃም። ክንፎቹ ወደ ላይ ሲሄድ ካለው ኃይል ይልቅ መሬት ሲነኩ የሚያገኛቸው ምት ይከብዳል። ሮኬቱ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በጭራው ነውና።

ለዚህ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ክፍሎቹ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ተጠቀሙ። የ5 ደቂቃው ለጊዜያዊ መያዣ ጥሩ ነው፤ የ30 ደቂቃው ግን ወደ ወረቀቱና ወደ እንጨቱ ለመዝለቅ ጊዜ ያገኛል። ከማጣበቃችሁ በፊት የሚያብለጨልጭ ገጽ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት መሻከርና በአልኮል መጠረግ አለበት። የቱቦው አንጸባራቂ ሽፋን ሳይነሣ የተጣበቀ ክንፍ የተጣበቀው ከሽፋኑ ጋር ነው፤ ሲወድቅ ሽፋኑን ይዞ ይነሣል። ሁለቱ የኢፖክሲ ክፍሎች በመመሪያው መጠን በትክክል ይቀላቀሉ፤ በዓይን ግምት የተለካ ኢፖክሲ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፤ ኢፖክሲ በተደጋጋሚ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያመጣል። የፕላይውድና የፋይበርግላስ ብናኝም ለሳንባ አይበጅምና ስትፍቁ ጭምብል ይኑር።

ክንፎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ለማረጋገጥ ብዙ ኪቶች የካርቶን መያዣ ይሰጣሉ። ካልሰጡ ወረቀት ላይ በትክክል የተከፈለ ክብ ሥላችሁ ቱቦውን መሃል ላይ አቁሙት። የክንፍና የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ኢፖክሲውን በጣት ወይም በክብ እንጨት እየጎተታችሁ ጎድጎድ ያለ ማዕዘን አበጁለት። አንዱን ጎን አድርቃችሁ ነው ወደሚቀጥለው የምታዞሩት፤ ካልሆነ ይፈስሳል። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ይህን የሥራ ክፍል ነው። እጅ የሚማርበት ነው። ከመጠን ያለፈ ኢፖክሲ ግን ጥንካሬ አይጨምርም፤ ጭራውን ያከብደዋል። ያ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፤ አሁኑኑ ላስረዳ።

ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚበርረው የክብደት ማዕከሉ ከአየር ግፊት ማዕከሉ፣ ማለትም የአየሩ ግፊት ተጠቃልሎ ከሚያርፍበት ነጥብ፣ ቀድሞ ወደ አፍንጫው ሲሆን ነው። አየር ክንፎቹን ወደ ኋላ ይዞ ስለሚገፋ ሮኬቱ ዘንበል ሲል በክብደት ማዕከሉ ዙሪያ ዞሮ ይስተካከላል። ሁለቱ ከተገላበጡ ሮኬቱ ከሐዲዱ፣ ማለትም ሲነሣ ከሚመራው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ እንደወጣ ይገለባበጣል፤ ወዴት እንደሚሄድም የሚያውቅ የለም። የተለመደው ሕግ በሁለቱ መካከል ቢያንስ የአንድ ቱቦ ስፋት ርቀት ይኑር የሚል ነው፤ በእኛ ሮኬት 10 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የግፊት ማዕከሉን ቦታ ለማስላት የምንጠቀምበትን ዘዴ በ1960ዎቹ ያዘጋጀው የናሳ መሐንዲስ ጄምስ ባሮውማን ነው፤ ራሱም የሞዴል ሮኬት ሠሪ ነበር። ዛሬ ኦፐንሮኬት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የሮኬቱን ልኮች ስታስገቡለት ይህንንም፣ የሚደርስበትንም ከፍታ፣ የሚያስፈልገውንም የመዘግየት ጊዜ ያሰላላችኋል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን የነገራችሁትን ብቻ ነው። ስለዚህ የተጠናቀቀውን ሮኬት ሞተሩን፣ ፓራሹቱን፣ ሁሉን ጭናችሁ መዝኑት። ጣታችሁ ላይ ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጋችሁ ቱቦው ላይ ምልክት አድርጉ። ቦታው ወደ ኋላ ከሸሸ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ጨምሩ። እዚህ ጋ ነው ጭራ ላይ የፈሰሰው ትርፍ ኢፖክሲ ዋጋ የሚያስከፍለው፤ ከኋላ ያለውን ጥቂት ግራም ለማካካስ ከፊት ሌላ ክብደት መሸከም ግድ ይሆናል፣ ሁሉም ተደምሮ ደግሞ በዚያው ፓራሹት ላይ ይንጠለጠላል።

ስለ ሞተር ምርጫ በአጭሩ። ሞተሮች በፊደል ይመደባሉ፤ ፊደሉ አንድ በጨመረ ቁጥር የጠቅላላ ጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ሲ እስከ 10 ኒውተን-ሰከንድ፣ ዲ እስከ 20፣ ጂ እስከ 160፣ ኤች እስከ 320። ዲ12-5 የሚል ሞተር ብታዩ ምድቡ ዲ፣ አማካይ ገፊ ኃይሉ 12 ኒውተን፣ የመዘግየት ጊዜው 5 ሰከንድ ነው። ትንንሾቹ በጥቁር ባሩድ ይሠራሉ፤ ትልልቆቹ ከአሞንየም ፐርክሎሬትና ከጎማ መሰል ማያያዣ የተቀመመ ነዳጅ አላቸው፣ በግራም ሲሰላ ከባሩድ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ይሰጣል። አማካይ ገፊ ኃይሉ ከሮኬቱ ክብደት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን። የእኛ ሮኬት ወደ 15 ኒውተን ስለሚመዝን 75 ኒውተን ዝቅተኛው ነው። በ100 ኒውተን ብናስወነጭፈው 2 ሜትር ሐዲድ ላይ ሮጦ ሲለቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 15 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ክንፎቹ አየሩን ይዘው ለመምራት የሚፈልጉት ፍጥነት ይህን ያህል ነው።

ኤችና ከዚያ በላይ ያሉት ከፍተኛ ኃይል ይባላሉ። በአሜሪካ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ የሮኬት ማኅበራት፣ ናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ሮኬትሪ እና ትሪፖሊ፣ እነዚህን ሞተሮች ለመግዛትና ለመጠቀም የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ከፍታን አይለካም። ራሳችሁ የሠራችሁትን ሮኬት በኤች ወይም በአይ ሞተር አስወንጭፋችሁ፣ በፓራሹት አውርዳችሁ፣ እንደገና ሊበርር በሚችልበት ሁኔታ ለፈታኙ ታስረክባላችሁ። ሰማይ ጠቀስ በረራ አሳይቶ ተሰብሮ የመጣ ሮኬት ያስጥላል። ይህን መመዘኛ ያወጡት ሰዎች ምን ያህል እንዳሰቡበት ሳስብ ደስ ይለኛል። በሌሎች አገሮች ሕጉ ይለያያል፤ ስለ ሞተሩም ስለ አየር ክልሉም ኪቱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቃችሁ ፈቃድ መያዝ የግድ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። የቱቦውን ጠመዝማዛ መስመሮች በስቱኮ ሙሉ፣ ፍቁ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሣርና ሰማይ ላይ የሚታይ ደማቅ ቀለም ምረጡ፤ ፍለጋውን ያቀልላችኋል።

የማስወንጨፊያው ቀን ሲደርስ ደግሞ ደንቡን አክብሩ። ማቀጣጠያው ሽቦ የሚገባው ሮኬቱ ሐዲዱ ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ የደኅንነት ቁልፉም ከእጃችሁ አይለይ። ኤች ሞተር ላለው ሮኬት ሰዎች ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ። ሐዲዱ ከቀጥታው ከ20 ዲግሪ በላይ አያዘንብል፣ ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎሜትር ካለፈ ቀኑን አሳልፉት። የማስወንጨፊያው ቁልፍ ተጭኖ ሞተሩ ካልነደደ የደኅንነት ቁልፉን አውጥታችሁ ቢያንስ 60 ሰከንድ ጠብቁ፤ ከዚያ በፊት ማንም አይቅረብ። ፓራሹቱ ሳይከፈት ከወረደም ጮክ ብላችሁ አስጠንቅቁ። ሁሉም ወደ ላይ ይይ፤ ስልኩን እያየ የሚቀርጽ ሰው እንኳ ቢሆን።

ከዚህ ሁሉ ወዴት ይደረሳል ላላችሁኝ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2009 ሜሪላንድ ውስጥ ስቲቭ ኢቭስ ሰውን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን የሳተርን 5 ሮኬት አንድ አሥረኛ ሞዴል አስወነጨፈ። ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 750 ኪሎ ያህል ነበር፤ ከ1,300 ሜትር በላይ ወጣ። ከበረራው ፎቶዎች ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማየው ክፍሎቹ በፓራሹቶች ተንጠልጥለው ሲወርዱ ያለውን ነው። በዚያ ልክ የተሠራ ገመድ፣ በዚያ ልክ የታጠፈ ጨርቅ፣ ሁሉም በሰዓቱ ሲከፈት! መርሁ ግን ከኪሎ ተኩሉ የተለየ አይደለም።

ሮኬታችሁ ሲያርፍም ሥራው ገና ነው። ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁ፤ ከዚያ የገመዱን ቋጠሮ፣ ጨርቁ ላይ የተቃጠለ ነጥብ መኖሩን፣ የክንፎቹን ሥር በጥፍር እያንኳኳችሁ መርምሩ። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ድምፁ ይለያል። የቱቦው አፍ ላይ የገመድ ጭረት ካያችሁ የመዘግየት ጊዜው አልተስማማም ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ቀይሩት። ያገኛችሁትን ሁሉ ከሞተሩ ዓይነት፣ ከነፋሱና ከክብደቱ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ።

የአንድ ኪት ክፍሎች እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ የሞተር ቱቦው ገና ክንፍ አልተጣበቀበትም። ቀርባችሁ እየነካካችሁ ጠይቁኝ፤ በገመዱ እንጀምር።